ለክፉ ቀን የሚሆነው ምግብ ከጓዳችን ይጀምራል፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከዘመድም ከጓደኛም ደርሶኛል። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። መንገድ ቢዘጋ፣ መብራት ለሳምንት ቢጠፋ፣ ገበያው ቢደርቅ ቤተሰብ እንዳይቸገር ሁሉም ሰው ቤቱ ምግብ ያስቀምጥ። እስከዚህ ድረስ ሁለት እጄን አውጥቼ እደግፋለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው «እንዴት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ነው። እኛ ምግብ የማቆየት ልማድ ስለሌለን ከውጭ እንማር ይላሉ። 25 ዓመት የሚቆይ የታሸገ ምግብ አስመጡ ይላሉ። እህሉን በጆንያ አድርጉና የነቀዝ ክኒን ጥላችሁበት አልጋ ስር አስገቡት ይላሉ። የሥጋ ወጥ በብልቃጥ ሞልታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት፣ ዓመት ይቆያል ይላሉ። ፈረንጆቹ እንደሚያደርጉት የአንድ ዓመት ቀለብ ባንዴ ግዙ፣ ለጎረቤት ግን ትንፍሽ እንዳትሉ ብለው ይጨርሳሉ።

ከነዚህ ምክሮች ሁለቱ ሰው ሊገድሉ ይችላሉ። የቀሩት ቢበዛ ገንዘብ ቢያባክኑ ነው። ስለዚህ እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም።

«ልማዱ የለንም» ከሚለው ልጀምር። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። በርበሬዋን በዓመት አንዴ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አስጥታ፣ ደልዛ፣ አስፈጭታ እስከ ከርሞ የምታደርስ ሴት በየሰፈሩ አለች። ጤፉም ኅዳርና ታኅሣሥ ታጭዶ ገበያ ሲወጣ፣ ዋጋው ሳይሰቀል፣ የዓመት ቀለብ ተብሎ ይሸመታል። አቅም ያነሰው ደግሞ ዕቁብ ጥሎ ይገዛል። ይሄ ምግብ ማከማቸት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ስንቅንም ረስተውታል። ድሮ ዘማቹን መንግሥት አያበላውም ነበር። ወደ ዓድዋ የተመመው ሠራዊት አብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ ነው የተነሳው። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፤ ዛሬም የምናውቃቸው ናቸው። አራቱንም የሚያቆያቸው አንድ ነገር ነው፦ ውሃቸው ወጥቷል። ሻጋታም ሆነ ባክቴሪያ ያለ እርጥበት አይራባም። ይህን ለማወቅ ከውጭ አስተማሪ አላስፈለገንም።

ድርቆሽን ብቻ እንኳ ጠጋ ብለን እንየው። ያደረ እንጀራ ተቆራርጦ ሰፌድ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ በደንብ ካገኘው ቶሎ ይደርቃል፤ ክረምት ላይ ግን ከመድረቁ በፊት ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል። ያ ከወጣ «ጫፉን ቆርጬ ልጣል» የለም፣ ሁሉም ይጣላል። ደረቀ የሚባለው በእጅ ሲይዙት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ከታጠፈ ገና ነው። ያልደረቀውን ላስቲክ ውስጥ ቋጥሮ ማስቀመጥ ሻጋታን ጋብዞ በር መዝጋት ነው። በደንብ የደረቀው ግን በሚገጥም ዕቃ ተከድኖ ለወራት ይቀመጣል። የችግር ቀን ሲመጣ ደግሞ ትንሽ ውሃና በርበሬ ይበቃዋል። እሳት ባይኖር እንኳ ይበላል።

ሌላም አለ። ጭኮ፣ ማለትም በበሶና በተነጠረ ቅቤ የሚታሸው፣ ለመንገደኛ የተፈጠረ ምግብ ነው። በጉራጌና በሲዳማ እንሰቱ ተፍቆ፣ በኮባ ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ቆጮ ሆኖ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። በሐረርጌ ማሽላ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀመጣል። ጤፍ ደግሞ የራሱ ተአምር አለው። ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬው ውስጥ ነው፣ ትሉም የሚያድገው እዚያው ነው። የጤፍ ፍሬ ለዚያ አትበቃውም። ስለዚህ በደረቅ ቦታ የተቀመጠ ጤፍ ያለ ምንም መድኃኒት ለዓመታት ይቆያል። «ልማዱ የለንም» ያሉት ጸሐፊ ይህን ሁሉ እያለፉ ነው።

ወደ 25 ዓመቱ ካርቶን ልለፍ። ይህ ምግብ አለ፣ ውሸት አይደለም። አቀዝቅዘው ውሃውን ያወጡለትና አየር በማያስገባ ከረጢት ያሽጉታል። አሜሪካ ያለ ወገናችን በቀላሉ ሊገዛው ይችላል። ግን እዚያም ቢሆን በዚያው ገንዘብ ከሐበሻ ሱቅ ስንት ኪሎ ምስርና ሽሮ ይገዛበት እንደነበር ማስላት ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ በውጭ ምንዛሪና በቀረጥ ገብቶ የሚሸጠውን ግዛ ማለት «ተወው» እንደማለት ነው። በዚያ ላይ ምግቡ የሚነሳው በውሃ ነው። ውሃ በጠፋበት ቀን ውሃ የሚጠጣ ምግብ! ጾሙስ? ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ሌሎቹንም አጽዋማት የሚጾም ቤት የዶሮ ሾርባ ካርቶን ደርድሮ ምን ሊያደርግ ነው? ሙስሊሙስ ሥጋው እንዴት እንደታረደ ሳያውቅ ይበላዋል? ልጆች ደግሞ በደህናው ቀን ያልለመዱትን ምግብ በጭንቅ ቀን አይነኩም።

የእኔ ሐሳብ የሚለየው እዚህ ጋ ነው። የአደጋ ጊዜ ምግብ የሚባል የተለየ ምግብ የለም። የሚያስፈልገው ዘወትር የምንበላው ነው፣ በርከት ብሎ፣ ደርቆ፣ ተራውን ጠብቆ እየተበላና እየተተካ። አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት። አስቤዛ በገዛችሁ ቁጥር አንድ ኪሎ ምስር ወይም አንድ እሽግ ፓስታ ጨምሩ፣ በቃ።

ምን ያህል ይቆያል ለሚለው፣ ጸሐፊው ሁሉንም «ብዙ ዓመት» በሚል አንድ ቃል አልፈውታል። እንዲህ አይደለም። ጨው፣ ስኳርና ማር እርጥበት ካላገኛቸው አይበላሹም። (ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፣ በክፉም ቀን ቢሆን።) ነጭ ሩዝ በደንብ ከታሸገ በጣም ይቆያል፤ ቡናማው ግን ቅባት ስላለው በወራት ውስጥ ይበላሻል። ባቄላና ቦሎቄ ይቆያሉ፣ ግን ባረጁ ቁጥር አልበስል ይላሉ፣ ማገዶ ይጨርሳሉ። ክክና ምስር ይሻላሉ። ዱቄት ከእህሉ ቀድሞ ይበላሻል፤ ይመራል፣ ይተላል። ስለዚህ ዋናውን በእህልነቱ ማስቀመጥ ነው። ወፍጮ ቤቱም መብራት ይፈልጋልና ጥቂት ሳምንት የሚያደርስ ዱቄት ሁልጊዜ ይኑር። ዘይት ብርሃንና ሙቀት አይወድም፤ የኑግ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይከነክናል።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ዕቃው ላይ ቀን ስትለጥፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። ከውጭ የመጣው ፓስታ በእነሱ ዘመን ነው የታተመበት፣ እናንተ ደግሞ በእኛ ትጽፋላችሁ። ሳታዩት የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል።

አሁን ወደ አደገኞቹ።

የነቀዝ ክኒን። ጸሐፊው እንደ ቀላል ነገር ነው ያነሱት። ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። አየር ውስጥ ያለችውን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፣ ሰውንም የሚገድለው ያው ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በጆንያ ቀዳዳ ይወጣል፣ በበር ስር ይገባል፣ በስንጥቅ ግድግዳ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። በገልፍ አገሮች ጎረቤት ለትኋን ብሎ ባስቀመጠው በዚሁ ኬሚካል የሌላ ቤት ልጆች ሞተዋል። እዚያ በአፓርታማ ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ይህን ይወቁት። ክኒኑ የተሠራው በባለሙያ እጅ፣ ሰው በማያድርበት በታሸገ መጋዘን ውስጥ እንዲውል ነው። አልጋ ስር ማለት የሰው አፍንጫ ስር ማለት ነው። ልጅ በሚተኛበት ቤት ይህን መምከር ይቅር የሚባል አይደለም።

ያለ ክኒን ነቀዝን ማሸነፍ ይቻላል? በደንብ! ነቀዝም እንደ እኛ ይተነፍሳል። አየር ከጠፋ ይሞታል። ለገበሬዎች የሚሸጠው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት የሚሠራው በዚህ ነው፤ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ ማዳበሪያ። እያንዳንዱ ላስቲክ አየሩ ተጨምቆ ለብቻው ይታሰራል። ውስጥ የቀረችውን ኦክስጅን ነቀዙ ራሱ ተንፍሶ ይጨርሳትና ይሞታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ታጥቦ እስከ መጨረሻው የደረቀ፣ ክዳኑ የሚገጥም ጀሪካን ያንኑ ይሠራል። ቦሎቄውን ወይም ሽምብራውን እስከ አፉ ሙሉት፣ ነቅንቁት፣ ሲወርድ እንደገና ሙሉት፣ ከዚያ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉ። በየቀኑ እየከፈታችሁ አትዩት። ፍሪዘር ያላችሁ ደግሞ ጥቂት ኪሎውን ለአንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፣ እንቁላሉም ይሞታል። ስታወጡት ግን ቅዝቃዜው እስኪለቅ አትክፈቱት፣ አለዚያ ጤዛ ይይዛል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው እህሉ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። እርጥብ እህል አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ሻጋታ ይይዛል። ከሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይመጣል፤ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው፣ ጉበት ይጎዳል፣ ምግቡን በማብሰልም አይጠፋም። መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውሰዱ። ሲሶውን ያህል እህል አድርጉበት፣ ሁለት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ጨምሩ፣ ክዳኑን ዝጉና በደንብ ናጡት። ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ሳይለጠፍ ታች ከወረደ ይታሸግ። ጆንያ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ። ከስር ጣውላ ይግባለት፣ ከግድግዳውም ይራቅ። ሲሚንቶ እርጥበት ያስተላልፋል።

ሁለተኛው አደገኛ ምክር የብልቃጡ ወጥ ነው። ይህኛው ከክኒኑ ይብሳል ባይ ነኝ። ክኒኑን ሰው ቢያንስ መርዝ እንደሆነ ያውቃል፤ የእናቱን ወጥ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈር ውስጥ፣ አትክልት ላይ፣ በየትም ቦታ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ሲጨንቀው ራሱን ጠንካራ ዘር ውስጥ ይደብቃል። ያ ዘር የሚፈላ ውሃ አይገድለውም። ለመግደል 120 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በእንፋሎት ግፊት እንጂ በተራ ድስት አይገኝም። ወጡን በብልቃጥ አሽገን ስንቀቅለው ሌሎቹን ተሐዋስያን እንገድልለታለን፣ አየሩንም እናስወጣለታለን። አየር የሌለበት፣ ኮምጣጣ ያልሆነ፣ እርጥብ ምግብ ማለት ለእሱ የሚመች ቤት ነው። ቁምሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ መርዙን ያመርታል። መርዙ ብዙ ጊዜ ሽታም ጣዕምም የለውም። የበላ ሰው ዓይኑ ሁለት ሁለት ያያል፣ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ከዚያ የመተንፈሻ ጡንቻው ይዝላል።

የእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ጸሐፊው ግማሽ ሰዓት ያሉትን ከየት እንዳመጡት አይናገሩም፣ ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ከሚፈላበት የባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ ይመስላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ብትወጡ ከዚያም ይቀንሳል። ባቄላ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ሰዓት ለኮምጣጣ ፍራፍሬ እንኳ የተሰጠው የማፍያ ጊዜ እኛ ጋ አይበቃም። ሥጋማ ጨርሶ አይሞከርም። ቤት ያለው ፕሬሸር ድስት ቢሆንስ የሚሉ ይኖራሉ። ያ ለማብሰል እንጂ ለማሸግ የተሠራ አይደለም፤ የማሸጊያው ግፊት መለኪያ ያለው ሌላ ዕቃ ነው፣ እሱም ለከፍታው ግፊቱ ተጨምሮለት ነው የሚሠራው። ሥጋ ለማቆየት የፈለገ ቋንጣ ይስቀል። ቀጭን አድርጎ ዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ አሽቶ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ። እሱም በበጋ እንጂ በሐምሌ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፎ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥም ከዚሁ ዓይነት ነው፣ ይቅር። ከሱቅ የገዛችሁት ቆርቆሮ ደግሞ ካበጠ ሳትከፍቱት ጣሉት።

ጸሐፊው ስለ ማብሰያ ምንም አላሉም። ይህ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ብዙ የከተማ ሰው እንጀራ የሚጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። መብራት ለሳምንት ከጠፋ አንድ ኩንታል ጤፍ ይዞ የሚራብ ቤት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከክምችቱ ውስጥ ቢያንስ የአራት አምስት ቀኑ እሳት የማይፈልግ ይሁን፦ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። ቀጥሎ ቶሎ የሚበስለው፦ ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ መኮሮኒ። ቡታጋዝ ያለው ትርፍ ሲሊንደር ቢይዝ ጥሩ ነው። ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው ደግሞ በረንዳ ላይ ያድርገው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል፣ በየክረምቱ የምንሰማው ነው።

ጸሐፊው የውሃውን ነገር በሁለት ካርቶን የታሸገ ውሃ ዘግተውታል። አይበቃም። ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብንይዝ፣ አምስት ሰው ላለበት ቤት የአንድ ሳምንቱ 105 ሊትር ነው። ከአምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ሮቶ ያለው ቤት ተገላግሏል፤ የፈረቃ ውሃ የለመደ የአዲስ አበባ ሰውም ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። የቆየውን ለዕቃ ማጠቢያ እያደረጉ መተካት፣ ከመጠጣቱ በፊት ማፍላት ወይም ውሃ አጋርን የመሰለ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ መጨመር ነው።

«ፈረንጆቹ የዓመት ያስቀምጣሉ» ላሉት፣ ይህ የጥቂት ሰዎች ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ለዜጎች ያወጣው ጥሪ 72 ሰዓት ራሳችሁን ቻሉ የሚል ነው። ጀርመን ለሕዝቧ የምትመክረው 10 ቀን ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2018 ለ4.8 ሚሊዮን ያህል ቤቶች የላከችው መጽሔትም ዓመት አላለም። ዓመት የሚያህል እህል መያዝ የቻለ ይያዝ፣ የእኛ ገበሬ ሲያደርገው የኖረ ነው። ለከተማ ሰው ግን ሁለት ሳምንት ጥሩ መነሻ ነው። እስቲ እናስላው። የእርዳታ ድርጅቶች ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ካሎሪ ብለው ያቅዳሉ። 400 ግራም እህል፣ 100 ግራም ጥራጥሬ፣ 30 ግራም ዘይት፣ 20 ግራም ስኳር ወደዚያ ያደርሳል። ለአምስት ሰው ለሁለት ሳምንት 28 ኪሎ እህል፣ 7 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ዘይት፣ ኪሎ ተኩል ስኳር ማለት ነው። በርበሬና ጨው ከቤት አይጠፋም። ይሄ አንድ ቁምሳጥን ስር ይገባል። ባንዴ መግዛትም አያስፈልግም፤ በጥቂት ወራት አስቤዛ ላይ እየጨመሩ ይደረስበታል።

ባንዴ ግዙ የሚለው ምክር ሌላም ጉዳት አለው። በ2012 ኮሮና ገባ ሲባል ሱቆች ምን እንደመሰሉ እናስታውሳለን። አቅም ያለው በካርቶን ጫነ፣ ዋጋው ተሰቀለ፣ የዕለት ጉርሱን በየቀኑ የሚገዛው ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። ማከማቸትና ገበያ ማራቆት የሚለያዩት በጊዜው ነው። በጥር የተገዛ ጤፍ ማንንም አይጎዳም። በወሬው ማግስት የተገዛው ይጎዳል።

ለጎረቤት ትንፍሽ አትበሉ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። እኔ ባለሁበት ሕንፃ ዕድር አለ፣ ቡና ስንጠጣ የማን ቤት ምን እንዳለ እንተዋወቃለን። አንዱ ቤት ሲሊንደር፣ ሌላው ሮቶ፣ ሌላው የእንጨት ምጣድ ካለው ለብቻ ከተደበቀ ዓመት ቀለብ ይልቅ ያ ነው የሚያወጣን። ተደብቄ ልብላ የሚል ሰው በኮንዶሚኒየም ውስጥ የቁሌቱን ሽታ የት ሊያደርሰው እንደሆነ አላውቅም።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፦ ቀኑ ከደረሰ በኋላ መዘጋጀት አይቻልም። ጽሑፋቸውም ብዙ ሰው ጋ ደርሷል። ለዚያም ነው አንድ ልመና ያለኝ። ስለ ልማዳችን ያሉትን፣ ስለ ካርቶኑም ያሉትን እንዳለ ይተዉት፣ አንባቢ ይፍረድ። ስለ ክኒኑና ስለ ብልቃጡ የጻፏቸውን ሁለት አንቀጾች ግን ዛሬውኑ ያውጧቸው። ጽሑፉን ለሌላ ሰው ያስተላለፋችሁም ላካችሁለት ሰው ይህንኑ ንገሩት።